ግሎክ 19፣ ኤም ኤንድ ፒ ወይስ ሲግ ፒ320? ከመግዛቴ በፊት የልምድ ባለቤቶችን ምክር እጠይቃለሁ

የጋርላንዱ ባለሱቅ

ውድ ወገኖቼ፣ ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። የምኖረው በቴክሳስ፣ ከዳላስ አጠገብ በምትገኘው በጋርላንድ ሲሆን፣ ከባለቤቴ ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት የሚሆን አነስተኛ ሱቅ አለን። በዚህ ዓመት በሰፈራችን ሁለት ጊዜ ዘረፋ ስለተፈጸመ፣ ለረጅም ጊዜ ሳመነታበት የቆየሁትን ጉዳይ ቆርጬ አንድ ሽጉጥ ለመግዛት ወስኛለሁ። በሱቅ ውስጥ በወገቤ እታጠቀዋለሁ፣ በቤት ደግሞ ተቆልፎበት ያድራል፤ ከዚያ ያለፈ ሐሳብ የለኝም። ዜግነት ካገኘሁ ዓመታት ስላለፉ በወረቀት በኩል የሚያሰጋኝ ነገር የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ አንድ መሣሪያ መሸጫ ሄጄ ሻጩ አምስት ሽጉጦችን በመስታወቱ ላይ በተነጠፈ የጎማ ምንጣፍ ደረደረልኝ፤ ግሎክ 19፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤም ኤንድ ፒ 2.0፣ ሲግ ሳወር ፒ320፣ ዋልተር ፒዲፒ እና የቱርኩ ካኒክ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ባለ 9 ሚሊ ሜትር፣ ሁሉም መዶሻ የሌላቸው የአንድ እናት ልጆች መስለው ነው የታዩኝ። በአገር ቤት ሳለሁ የማውቀው የአጎቴን ማካሮቭ ብቻ ነው፤ እርሱ መዶሻም ነበረው፣ በጎኑም የሚቆለፍበት ሴፍቲ ነበረው። ሻጩን «የዚህስ ሴፍቲው የት ነው?» ብዬ ስጠይቀው ሌባ ጣቱን አንሥቶ አሳየኝ። እርሱ እንደ ቀልድ ተናገረው፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ከውጭ የሚቆለፍ ነገር የሌለው ሽጉጥ በእርግጥ ለጀማሪ ይሆናልን? ባለቤቴም መማር ስለምትፈልግና እጇ ትንሽ ስለሆነ፣ ከእነዚህ መካከል ለሁለታችን የሚስማማው የትኛው ነው? ፒ320 ምላጩ ሳይነካ ይተኩሳል የሚባለው ወሬስ ምን ያህል እውነት ነው? በጀቴ 600 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ የ9 እና የ13 ዓመት ልጆች በቤት እንዳሉን ከግምት አስገቡልኝ።

ጡረተኛው አሥር አለቃ

ለጠያቂው ወንድሜ፦ ከሁሉ አስቀድሞ በቃላቱ እንግባባ። እኔ ምላጭ የምለው ጣት የሚስበውን ነው። ብዙ ሰው ይህንኑ ቃታ ይለዋል፤ እኔ ባገለገልኩበት ክፍል ግን «ቃታ ሳብ» ማለት ጥይት አቀባብል ማለት ነበር። ይህን የማነሣው ቋንቋ ለማሳመር አይደለም። እዚህ አገር ለወገኖቻችን በአማርኛ ሳስተምር፣ አንዲት ተማሪ «ቃታውን ይሳቡ» ስላት ስላይዱን፣ ማለትም ወደ ኋላ ተስቦ ጥይት የሚያቀባብለውን የሽጉጡን የላይኛ ብረት፣ ትታ ጣቷን ወደ ምላጩ ስትሰድ አይቻለሁ። መሣሪያው ባዶ ስለነበር ሳቅን፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቃታ የሚለውን ቃል በመለማመጃው ውስጥ አላነሣውም። እርስዎም ባለቤትዎን ከማስለመድዎ በፊት «አቀባብዪ» እና «ምላጭ» በሚሉት ሁለት ቃላት ብቻ ተስማሙ።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ በአጎትዎ ማካሮቭ ላይ ከኋላ የሚታይ መዶሻ አለ። ጥይት ተቀባብሎ መዶሻው ሲወርድ፣ የመጀመሪያው ተኩስ ረጅምና ከባድ ስበት ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ስላይዱ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር መዶሻውን ወጥሮ ስለሚተወው ምላጩ አጭርና ቀላል ይሆናል። ሴፍቲው ወደ ላይ ሲገፋ ደግሞ መዶሻውን አውርዶ ይቆልፈዋል። ስለዚህ በማካሮቭ ያደገ ሰው ሁለት ዓይነት ምላጭና አንድ ቁልፍ ለምዷል ማለት ነው።

ስትራይከር በሚባሉት፣ ሻጩ እንደደረደረልዎት ባሉት ሽጉጦች ላይ ግን መዶሻ የለም። በስላይዱ ውስጥ በሞላ የሚገፋ የመምቻ መርፌ አለ፤ ምላጩ ሲሳብ መርፌው ተለቅቆ የጥይቱን ጀርባ ይመታል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ሄክለር ኤንድ ኮክ ከፕላስቲክ አካል ጋር አጣምሮ ቪፒ70 የተባለውን ሽጉጥ በ1970 አውጥቶ ነበር፤ ዓለምን ያዳረሰው ግን በ1982 በኦስትሪያ ጦር ተቀባይነት ያገኘው ግሎክ 17 ነው። ሠሪው ጋስተን ግሎክ ከዚያ በፊት የመጋረጃ ዘንግና የጦር ሜዳ ቢላዋ ያመርት የነበረ እንጂ የሽጉጥ ባለሙያ አልነበረም፤ ምናልባትም ነባሩን ልማድ ሁሉ ትቶ ከባዶ እንዲጀምር ያስቻለው ይኸው ይመስለኛል። አሁን በገበያ የሚያዩት ግሎክ 19 በ1988 የወጣው የዚያው ታናሽ ነው፤ አፈሙዙ 102 ሚሊ ሜትር፣ ካርታው (በእጀታው ውስጥ የሚገባው የጥይት መያዣ) 15 ጥይት የሚይዝ፣ ባዶ ካርታ ገብቶበት ከ700 ግራም ያነሰ ነው።

በግሎክ ውስጥ ስላይዱ መርፌውን በከፊል ብቻ ይወጥረዋል፤ የቀረውን የሚያሟላው ምላጩ ራሱ ሲሳብ ነው። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያውም ሆነ የአሥረኛው ተኩስ ምላጭ አንድ ዓይነት ነው፤ ክብደቱም ወደ 2.5 ኪሎ ይጠጋል። ከውጭ ቁልፍ ባይኖረውም በውስጡ ሦስት መከላከያዎች አሉት። የመጀመሪያው በምላጩ ፊት ላይ የምትታየው ትንሽ ምላስ ስትሆን፣ እርሷ ካልተጫነች ምላጩ ወደ ኋላ አይሄድም። ሁለተኛው መርፌው ወደፊት እንዳይሄድ የሚዘጋ ቁራጭ ብረት ሲሆን፣ ሦስተኛው ሽጉጡ ሲወድቅ መርፌው ከያዘው ጥርስ እንዳይሾልክ የሚያደርግ ነው። ሦስቱም ምላጩ ሲሳብ በተራ ይከፈታሉ፣ ሲለቀቅም በተራ ይዘጋሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እነዚህ ሁሉ ከመውደቅና ከመጋጨት ይጠብቁዎታል፤ ምላጩን የሚስበው ነገር የእርስዎ ጣት ይሁን ሌላ ነገር ግን ለይተው አያውቁም። ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪዬ ሽጉጡን ወደ ማኅደሩ ሲመልስ፣ የጃኬቱ ወገብ ማሰሪያ ገመድ ጫፍ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ፍሬ ከሽጉጡ ጋር አብራ ስትገባ አየሁ። ፍሬዋ ከምላጩ ፊት ለፊት ቀለበቱ ውስጥ ተሰክታ ነበር። አንድ ጣት ያህል ወደ ታች ቢገፋው ኖሮ ጥይቱ በጭኑ ነበር የሚያልፈው። ክንዱን ይዤ አስቆምኩት፤ ሽጉጡን ወደ ላይ መልሰን ገመዱን ቆረጥነው። ሻጩ ያሳየዎት ሌባ ጣት እንግዲህ ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ሽጉጡ ሲወጣ የማይጨማደድ ደረቅ ማኅደር ነው። የጨርቅና ያረጀ የቆዳ ማኅደር ለእነዚህ ሽጉጦች አይሆንም። ስለዚህ ሽጉጡን ከመምረጥዎ በፊት የማኅደሩን ዋጋ ከበጀትዎ ላይ ቀንሰው ያስቀምጡ።

ለጀማሪ ይሆናልን ላሉት፣ አዎን፣ ይሆናል። እንዲያውም አንድ ምላጭ ብቻ መልመድ ሁለት ከመልመድ ይቀላል። የማካሮቭን ልማድ ግን በሩ ላይ ትተው ይግቡ።

ከመደርደሪያው ጀርባ

በአትላንታ አቅራቢያ በአንድ የመሣሪያ መደብር ለስድስት ዓመታት ሻጭ ሆኜ ስለሠራሁ፣ አሥር አለቃ በተናገሩት ላይ የመደርደሪያውን ወገን ልጨምር።

በዚህ ክፍል ከሚታወቁት ሽጉጦች መካከል በአስተማማኝነት «ይህ የማይረባ ነው» የሚባል ብዙም የለም። የበይነ መረብ ክርክር አብዛኛው የሰከንድ ሽራፊ ክርክር ነው። ልዩነቱ ያለው በእጅ ላይ ነው፤ ስለዚህ ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ። ሻጩ ሽጉጡን ከፍቶ ባዶነቱን ካሳያችሁ በኋላ እናንተም ራሳችሁ ከፍታችሁ ጥይት የሚገባበትን ጉድጓድ እዩ፤ በዚህ የሚቀየም ሻጭ ካጋጠማችሁ ውጡ። ከዚያም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ እስከ እጀታው ጫፍ ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ አድርጋ ትያዘው። አፈሙዙ ከክንዷ አጥንት ጋር በአንድ መስመር ላይ እያለ የጣቷ የመጀመሪያ አንጓ ሥጋ በምላጩ ላይ በምቾት ካረፈ፣ ያ ሽጉጥ የእጇ ልክ ነው። ምላጩን ለመድረስ ሽጉጡን በመዳፏ ውስጥ ማዞር ካለባት ግን፣ ስሙ ምንም ያህል የገነነ ቢሆን ይተውት።

በዚህ መመዘኛ ስናየው፣ ኤም ኤንድ ፒ 2.0 ከሣጥኑ ጋር አራት ልክ ያላቸው የመዳፍ ማሟያዎች ይዞ ስለሚመጣ ለባልና ሚስት ይመቻል፤ ማሟያውን መቀየር ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። የግሎክ 19 አምስተኛ ትውልድ በ2017 ሲወጣ በፊት የነበሩትን የጣት ጎድጓዶች አስወግዷል፤ ይህም ለትንሽ እጅ ትልቅ እፎይታ ሆኗል። ከኋላ የሚጨመሩት ማሟያዎች ግን እጀታውን ያሳድጉታል እንጂ ከመነሻው አያሳንሱትም። የሄክለር ኤንድ ኮክ ቪፒ9 የጎንና የጀርባ ማሟያዎቹን በማቀያየር 27 ዓይነት ልክ ይሰጣል፤ ሽጉጡ ድንቅ ነው፣ ዋጋው ግን ከበጀትዎ ያልፋል። ዋልተር ፒዲፒ ከሁሉም ጥርት ያለ ምላጭ አለው ብዬ ብናገር የሚቃወመኝ ጥቂት ነው፤ በ2022 ደግሞ የምላጩን ርቀት ያሳጠረና ስላይዱን ለመሳብ ያቀለለ ፒዲፒ ኤፍ የተባለ ለሴቶች እጅ የታሰበ ዓይነት አውጥቷል። የቼኩን ሲዜድ ፒ-10 ሲ ሻጩ ባያሳይዎትም ጠይቀው ይሞክሩት። ካኒክ በቱርክ ሳምሱን የሚመረት ሲሆን፣ የቀደሙት ዓይነቶቹ ከዋልተር ፒ99 የተቀዱ ናቸው፤ በዋጋው ልክ ሲታይ ምላጩ ያስገርማል። ማኅደርና መለዋወጫ በየትኛውም ከተማ ያለ ፍለጋ የሚገኘው ግን ለግሎክ ነው፤ ይህ ጥቅም በገዙ ዕለት አይታይም፣ በሁለተኛው ዓመት ይታያል።

ብዙ ገዢ የማይጠይቀው፣ እኔ ግን ቤት ልጆች ላሉት ሁሉ የምነግረው አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም አፈታቱ ነው። ግሎክን ለማጽዳት ሲፈታ ምላጩን መሳብ ግድ ነው። ካርታውን አውጥቶ፣ በአፈሙዙ ውስጥ አንድ ጥይት መቅረቷን የዘነጋ ሰው በዚያች ቅጽበት ነው የሚተኩሰው። በሥራ ዘመኔ በጠረጴዛ፣ በግድግዳ፣ አንድ ጊዜም በቴሌቪዥን የጨረሱ ደንበኞች ይህንኑ ታሪክ እያፈሩ ነግረውኛል። ኤም ኤንድ ፒ በካርታው ማስገቢያ በኩል የምትታይ ትንሽ ዘንግ አለችው፤ እርሷን ወደ ታች በመጫን ምላጩን ሳይነኩ መፍታት ይቻላል። ፒ320 እና ቪፒ9ም ምላጭ ሳይሳብ ይፈታሉ። ጥንቃቄ የለመደ ሰው በግሎክ ምንም አይሆንም፤ ነገር ግን ከሌሊት ሥራ በኋላ ደክሞ የሚያጸዳ ሰው ይህችን ልዩነት ንቆ ባያልፋት እመርጣለሁ።

ከውጭ የሚቆለፍ ሴፍቲ ካልተገኘ እንቅልፍ አይወስደኝም የሚሉ ከሆነ፣ ኤም ኤንድ ፒ 2.0 በአውራ ጣት የሚገፋ ሴፍቲ ያለውም የሌለውም ተዘጋጅቶ ይሸጣል። በክሮኤሺያ የሚሠራው ስፕሪንግፊልድ ኤክስዲ ደግሞ እጀታው በመዳፍ ካልተጨበጠ የማይተኩስ ነው። የመጨረሻ ነገር፤ 600ውን ዶላር ሁሉ በሽጉጡ ላይ አይጨርሱት። የመለማመጃ ጥይት አንዱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲም ስለሚያወጣ፣ በወር 100 ጥይት እንኳ ቢተኩሱ በዓመት የሽጉጡን ዋጋ ግማሽ ያህል ያወጣሉ።

ፋይል መርማሪ

ስለ ፒ320 የተጠየቀውን እኔ ልመልስ፤ ጉዳዩን በሥራዬ ምክንያት በቅርብ ስለምከታተለው፣ የተረጋገጠውን ከወሬው ለይቼ ላስቀምጥ።

ሽጉጡ የወጣው በ2014 ነው። በጥር 2017 የአሜሪካ ምድር ጦር ከ1985 ጀምሮ ሲገለገልበት በነበረው ቤሬታ ኤም9 ምትክ ኤም17 እና ኤም18 በሚል ስያሜ መረጠው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ጦሩ የወሰደው በአውራ ጣት የሚቆለፍ ሴፍቲ የተጨመረበት መሆኑን ነው፤ ለሕዝብ የሚሸጠው አብዛኛው ግን ይህ የለውም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ሽጉጡ በተወሰነ ማዕዘን ከኋላው ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል የሚያሳዩ ሙከራዎች ስለወጡ ኩባንያው የምላጩንና የውስጡን ክፍሎች በነፃ የሚቀይርበትን ፕሮግራም ጀመረ። እስከዚህ ድረስ ክርክር የለበትም።

ክርክሩ ያለው ከዚያ በኋላ በመጣው ላይ ነው። ምላጩን ሳንነካው ማኅደሩ ውስጥ እያለ ተኮሰ ያሉ ፖሊሶችና ግለሰቦች በርካታ ክሶች መሥርተዋል። ኩባንያው ሽጉጡ ምላጩ ሳይሳብ አይተኩስም በማለት እስከ መጨረሻው ይከራከራል። ፍርድ ቤቶችም በአንድ ድምፅ አልተናገሩም፤ ከክሶቹ ውድቅ የተደረጉ አሉ፣ በ2024 ግን በጆርጂያ እና በፊላደልፊያ የተቀመጡ የሕዝብ ዳኞች ለከሳሾች ፈርደዋል፤ የፊላደልፊያው ካሳ 11 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በሐምሌ 2025 የአሜሪካ አየር ኃይል ክፍል የሆነው ግሎባል ስትራይክ ኮማንድ አንድ ወታደር ከሞተ በኋላ ኤም18ን ለጊዜው አግዶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሽጉጦቹን መርምሮ ወደ አገልግሎት መለሳቸው።

አንዳንድ ሰዎች ጥፋቱን ሁሉ መርፌው አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ የተወጠረ በመሆኑ ላይ ሲያደርጉት እሰማለሁ፤ ይህ በቂ መልስ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ክስ ያልቀረበባቸው ሌሎች ሽጉጦችም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራሉ። የእኔ ምክር ቀላል ነው። ጠያቂው በእጃቸው ሊመርጡ የሚችሉ አራት ሌሎች ሽጉጦች እያሉ፣ በፍርድ ቤት ጥያቄ ላይ ያለውን የመጀመሪያ ሽጉጥ አድርጎ መያዝ ለምን ያስፈልጋል?

ከመደርደሪያው ጀርባ

ለፋይል መርማሪ፦ በሕጉ በኩል ያሉት ልክ ነው፤ ነገር ግን እኔ ራሴ ፒ320 አለኝ፣ ከ2017 በኋላ የተሠራ ሲሆን ከ6 ሺህ በላይ ጥይት ተኩሼበት አንድም ቀን ያለ ፈቃዴ አልተኮሰም። በተጨማሪም በሕግ ፊት ሽጉጥ የሚባለው ቁጥር የተጻፈበት የውስጡ የብረት ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ እጀታውን በማንኛውም ልክ ገዝቶ መቀየር ይቻላል፤ ይህን ጥቅም የሚሰጡ ብዙ አይደሉም። ለጀማሪ እንደ መጀመሪያ አትግዛ ቢባል ግን አልጣላም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ ነርስ

ወንድሞች ሁሉ በብረቱ ላይ ስታተኩሩ አንድም ሰው የጠያቂውን ወንድማችንን ባለቤት አላሰባትም፤ እኔ ስለ እርሷ ልናገር።

ከሦስት ዓመት በፊት እኔም የመጀመሪያ ሽጉጤን ስገዛ ባለቤቴና ሻጩ ተስማምተው «ለሴት ልጅ ትንሽ ነው የሚሻላት» ብለው በጣም ትንሽ፣ በጃኬት ኪስ የሚገባ ሽጉጥ አስገዙኝ። ስሙን አልጠራውም፤ ሽጉጡ አላጠፋም። ሽጉጥ ባነሰ ቁጥር ግን እርግጫው እንደሚብስ፣ የስላይዱም ሞላ እንደሚጠነክር የነገረኝ አልነበረም። በመለማመጃው የመጀመሪያዎቹን አሥር ጥይት ስተኩስ በአውራ ጣቴ ሥር ያለው ቆዳ ተላጠ፤ ከዚያ ወዲህ ምላጩን ከመሳቤ በፊት ዓይኔን መጨፈን ለመድኩ። ከአምስት ወር በኋላ በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት። አሁን ያለኝ ባለ 4 ኢንች አፈሙዝ፣ ከግሎክ 19 እኩል የሆነ ሽጉጥ ነው፤ ከበፊቱ ይከብዳል፣ በእጄ ግን ጸጥ ይላል። ቤት ለሚቀመጥ ሽጉጥ ትንሽነት ጥቅም የለውም።

ስላይዱን መሳብ ያቃታት እንደሆነ ደግሞ ጉልበት የላትም አትበላት። ስላይዱን በሁለት ጣት ቆንጥጣ ከምትስብ፣ በአራቱ ጣቶቿና በመዳፏ ከላይ ጨብጣው፣ ስላይዱን ይዛ ሽጉጡን ወደፊት ትግፋው። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ የሚያቅተኝ የለም። ሴፍቲውንም በተመለከተ ከአሥር አለቃ ጋር አልስማማም፤ ልጆች ባሉበት ቤት በአውራ ጣት የሚገፋ ሴፍቲ ትርፍ ነገር ነው ብዬ አላምንም፤ ይለምዱታል፣ እንደ መኪና ቀበቶ ይሆናል።

እኔ ያለሁበት ሜሪላንድ ሕጉ ከቴክሳስ ይለያል። ሽጉጥ ለመግዛት አስቀድሞ የአራት ሰዓት ትምህርትና የጣት አሻራ የሚጠይቅ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው፤ ከ2013 ጀምሮም ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካርታ አይሸጥም። ስለዚህ እዚህ ያላችሁ ወገኖች 15 ነው 17 ነው እያላችሁ አትድከሙ።

በየትኛውም ግዛት ብትኖሩ ግን አንድ ነገር አንድ ነው። በሱቁ በምትሞሉት የፌዴራል ቅጽ ላይ እውነተኛው ገዢ እርስዎ ነዎት ወይ የሚል ጥያቄ አለ። በእኛ ዘንድ ወረቀቱ ገና ላልተጨረሰ ዘመድ በራስ ስም ስልክ ማውጣት፣ መኪና ማስመዝገብ የተለመደ ውለታ ነው። በሽጉጥ ላይ ይህን ውለታ መዋል ከ2022 ወዲህ እስከ 15 ዓመት የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ነው። ግሪን ካርድ ያለው ራሱ መግዛት ይችላል፤ በጉብኝት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር አይፈቀድለትም።

የጋርላንዱ ባለሱቅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኅቴ፣ እንዳልሽው አላሰብናትም ነበር፤ እርሷም አንብባው «አንድ ሰው ተገኘ» ብላለች። አሥር አለቃን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ በቤት ሲቀመጥ ጥይት ተቀባብሎ ነው ወይስ ሳይቀባበል?

ጡረተኛው አሥር አለቃ

በወገብ ላይ፣ በጥሩ ማኅደር ውስጥ ከሆነና ከሠለጠኑ በኋላ ብዙ ሰው አቀባብሎ ይይዛል። እርስዎ ግን ገና ጀማሪ ስለሆኑ፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ወራት ሳያቀባብሉ ይያዙት። በቤት ደግሞ በቁጥር ወይም በአሻራ የሚከፈት የብረት ሣጥን ውስጥ ይሁን፤ ሣጥኑም ከመደርደሪያው ጋር በብሎን ይታሰር፤ ያልታሰረ ሣጥን ለሌባ እጀታ ያለው ስጦታ ነው። የቴክሳስ ሕግ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ሊያገኝ በሚችልበት ቦታ የተወን ሰው ይጠይቃል። የ13 ዓመት ልጅዎ የት እንደሚደበቅ አያውቅም ብለው አይመኑ፤ የስኳር ዕቃውንስ የት እንደሚያስቀምጡ አያውቅምን? ኅብረ ቁጥሩንም የልደት ቀኑን አያድርጉት። ከሴፍቲው ጉዳይ የነርሷን ሐሳብ ብትመርጡ ቅር አይለኝም፤ ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ልመዱ እንጂ።

የጋርላንዱ ባለሱቅ

ውጤቱን ለማሳወቅ ተመለስኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ወደ መለማመጃው ሄደን ግሎክ 19ን፣ ኤም ኤንድ ፒ 2.0 ኮምፓክትን እና ዋልተር ፒዲፒን ተከራይተን እያንዳንዳችን በየሽጉጡ 50 ጥይት ተኮስን። እኔ በፒዲፒው ምላጭ ተደንቄ ልገዛው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ በኢላማው ወረቀት ላይም ጥይቶቼ ከሁሉ የተሰበሰቡት በእርሱ ነው። ባለቤቴ ግን በእርሱ ላይ ጣቷ ምላጩን በጫፉ ብቻ ይነካው ስለነበር ጥይቶቿ ሁሉ ወደ ግራ ሸሹ። በኤም ኤንድ ፒው ላይ ሻጩ ትንሹን የመዳፍ ማሟያ ሲገጥምላት፣ ወረቀቱን መልሰን ስናየው ከእኔ የተሻለች ሆና ተገኘች። ከመደርደሪያው ጀርባ ያሉት ወንድም የነገሩኝን ዘንግ ሻጩ ካርታውን አውጥቶ በትንሽ መብራት አሳየኝ፤ ባለቤቴ ወዲያው ራሷ ፈትታ ገጠመችው።

ስለዚህ ባለ 15 ጥይቱን ኤም ኤንድ ፒ 2.0 ኮምፓክት፣ ሴፍቲ ያለውን መርጠን ከፍለናል። ከእርሱ ጋር ደረቅ ማኅደር ገዛሁ፤ ለሁለታችን የስምንት ሰዓት ትምህርትም ለሚቀጥለው ወር አስመዘገብኩ። በጀቴ እንዳለፈ አልደብቃችሁም። ቅጹን ሞልቼ ማጣሪያውን አልፌያለሁ፤ ሽጉጡን ግን ገና አልወሰድኩትም። ያዘዝኩት የብረት ሣጥን የሚደርሰው ሐሙስ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ሱቁ እንዲያስቀምጥልኝ ጠይቄ ደረሰኙን ብቻ ይዤ ወጣሁ።